የተራራን ትንፋሽ ከሰማይ መለካት

በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል አሉቶ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ይህ ተራራ በወራት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አበጠ። ሰፊ ተራራ በዝግታ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ከፍ ሲል በላዩ የሚሄድ ሰው ምንም አይታወቀውም። ለውጡን የያዘው በሰማይ የሚያልፍ ራዳር ነው።

ሳተላይቱ የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልክና ነጥሮ የሚመለሰውን ይመዘግባል። ሌሊትም ደመናም አያግደውም። ከቀናት በኋላ በዚያው መንገድ ሲመለስ ያንኑ ቦታ ደግሞ ያነሳል። በመሃሉ መሬቱ ቀርቦት ወይም ርቆት ከሆነ ሁለቱ ሞገዶች እርስ በርስ ይዛነፋሉ። ይህን መዛነፍ አስልቶ በቀለም የማሳየት ዘዴ ኢንሳር ይባላል።

የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲኔል-1 በ693 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይዞራል። በእሱ ምስል ላይ ያበጠ ተራራ እንደ ቀስተ ደመና በተደራረቡ ቀለበቶች ተከቦ ይታያል። አንዱ ቀለበት 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዳር እስከ መሃል አምስት ቢቆጠር መሬቱ 14 ሴንቲ ሜትር ወደ ሳተላይቱ ቀርቧል ማለት ነው።

ዕፅዋት በበዛበት ምልክቱ ይደበዝዛል፤ በአየር ውስጥ ያለ እርጥበትም ያሳስታል። ደረቁና ገላጣው አፋር ግን ለራዳር የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዚያው በአፋር፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ቅልጥ ዐለት ከሥር ሰርጎ ሲገባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። ስፋቱን ከዳር እስከ ዳር ያሳየው የኤንቪሳት ሳተላይት ራዳር ነበር።

ያበጠ ሁሉ ግን አይፈነዳም። አሉቶ ካበጠ በኋላ ሳይፈነዳ መልሶ ሰጥሟል፤ ከሥር የሚገፋው ቅልጥ ዐለት ሊሆን ይችላል፣ የጋለ ውኃና እንፋሎትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራዳሩ ምስል ከመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያና ከጂፒኤስ ጋር አብሮ መነበብ አለበት።

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት ሲናወጥ ብዙ ሺህ ሰው ቀዬውን ለቆ ተሰዷል። ያኔም ቅልጥ ዐለት ከሥር ሰንጥቆ እየገባ መሆኑን የራዳር ምስሎች አሳይተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲሠራ፣ ቀለበቱን የሚቆጥረው ባለሙያና ከብቱን ይዞ የሚሸሸው አርብቶ አደር በአንድ መረጃ መገናኘት አለባቸው።