የገጠር ኢንተርኔት በኅብረት ሥራ ማኅበር
ከሰሜን እንግሊዝ ገበሬዎች ሥራ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

የስልክም ሆነ የመብራት መስመር ሲዘረጋ ከተማው ይቀድማል፤ ገጠሩ ይከተላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር መስመር የሚወጣው ገንዘብ በከተማ ለብዙ ቤቶች ይከፋፈላል፤ ቤቶች ተራርቀው በሚገኙበት ገጠር ግን በጥቂቶች ላይ ይወድቃል። በመሆኑም ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ሒሳቡን ባሰላ ቁጥር ገጠሩን ወደ መጨረሻው ይገፋዋል። ይህም በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ችግር አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንካሽየር ግዛት፣ በሉን ወንዝ ሸለቆ የሚኖሩ ገበሬዎችና የመንደር ነዋሪዎች ችግሩን በማኅበር እንዴት እንደተወጡት እንገልጻለን። ዓላማችን ሥራው እንዳለ ይቀዳ ለማለት አይደለም። የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የማኅበራት መሪዎች አሠራሩን መርምረው የሚጠቅማቸውን እንዲወስዱ ነው።

ችግሩ

የሉን ሸለቆ በግና ከብት የሚረባበት ገጠር ነው። ቤቶቹ የስልክ መስመር ነበራቸው፤ ነገር ግን መስመሩ የመዳብ ሽቦ ነበር። በመዳብ ሽቦ የሚላክ መልእክት ርቀቱ በጨመረ መጠን ይደክማል። ስለዚህ ከስልክ ጣቢያው የራቀው ገበሬ ያገኝ የነበረው ኢንተርኔት እጅግ ቀርፋፋ ነበር። በሌላ በኩል የከብት ዝውውር ማስመዝገብ፣ የመንግሥት ድጎማ ቅጽ መሙላት፣ የልጆች ትምህርትና ገበያ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት እየዞረ መጣ። መስመር ያላገኘ ቤት ከሥራውም ከገበያውም ወደ ኋላ ሊቀር ሆነ።

ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. «ብሮድባንድ ፎር ዘ ሩራል ኖርዝ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። የስሙ ምሕጻር «ባርን» ተብሎ ይነበባል፤ ይህም በእንግሊዝኛ የእህልና የድርቆሽ ማከማቻ ቤት ማለት ነው። ከአስተባባሪዎቹ መካከል በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መረብ ባለሙያ የነበሩት ባሪ ፎርድና የገበሬ ባለቤት የሆኑት ክሪስ ኮንደር ይገኙበታል።

የማኅበሩ አሠራር

1ኛ/ ገንዘብ። ማኅበሩ ለነዋሪው አክሲዮን ሸጠ። ዝቅተኛው መዋጮ 100 ፓውንድ ነበር። ብዙ የገዛም ጥቂት የገዛም ድምፁ አንድ ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው ለማኅበረሰቡ ጥቅም እንጂ ትርፍ ለባለ አክሲዮኖች ለማከፋፈል አይደለም፤ ባለ አክሲዮኑ የሚያገኘው የተወሰነ ወለድ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንድ ቤት የማይቻለው ወጪ በብዙዎች ትከሻ ቀለለ።

2ኛ/ መሬት። የሥራው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አስፋልት ቆፍሮ ኬብል መቅበርና መልሶ መጠገን ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቃል። የእርሻና የግጦሽ መሬት ግን በቀላሉ ይቆፈራል። ስለዚህ ማኅበሩ መስመሩ በማሳ ውስጥ እንዲያልፍ አደረገ፤ ባለ መሬቶቹም ያለ ኪራይ ፈቀዱ። አንድ ባለ መሬት እምቢ ቢል መስመሩ ዞሮ መሄድ አለበት፤ ወጪውም የሁሉም ይሆናል። በመሆኑም ከቁፋሮው በፊት ከቤት ወደ ቤት ሄዶ ማነጋገር ዋና ሥራ ነበር።

3ኛ/ ጉልበት። ገበሬዎቹ በራሳቸው ትራክተርና መቆፈሪያ መስመሩን ቀበሩ። የሚታሰብላቸውንም ዋጋ በአክሲዮን መውሰድ ይችሉ ነበር። ነዋሪዎች የፋይበር ጫፎችን በሙቀት አቅልጦ ማጋጠምን ተማሩ። ይህ ከእኛ ደቦ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ የሠራው በመዝገብ ሰፍሮ ድርሻ መሆኑ ነው።

4ኛ/ የመሣሪያው ዓይነት። ማኅበሩ ለጊዜው የሚበጀውን ርካሽ መሣሪያ ትቶ ፋይበር መረጠ። ፋይበር እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ሲሆን መልእክት የሚያስተላልፈው በብርሃን ነው። በአንድ ወረዳ ስፋት ርቀት ብዙም አያደክመውም። መጀመሪያ የፕላስቲክ ቱቦ ይቀበራል፤ ከዚያም ፋይበሩ በታመቀ አየር እየተገፋ በቱቦው ውስጥ ያልፋል። ፋይበሩን መለወጥ ቢያስፈልግ መሬቱን እንደገና መቆፈር አይገባም።

5ኛ/ ዋጋ። መጀመሪያ ላይ የማስገቢያው ክፍያ 150 ፓውንድ፣ የወሩ ደግሞ 30 ፓውንድ ነበር። ለዚህም ተጠቃሚው በሴኮንድ 1,000 ሜጋ ቢት ያገኛል። በተራራ ጥግ ያለው ቤትና በመንደር መካከል ያለው ቤት የሚከፍሉት እኩል ነው።

ሥራው በጥቂት ቀበሌዎች ተጀምሮ በሌሎች አካባቢዎችም ተስፋፋ፤ ዛሬ ማኅበሩ የሚያገለግላቸው ቤቶች ከ10,000 በላይ ናቸው። አዲስ ቀበሌ ሊገባ ሲፈልግ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የራሱን ገንዘብና ፈቃደኛ ሠራተኛ ማሰባሰብ አለበት።

ከአፍሪካ አንድ ምሳሌ

አቅም ያነሰው አካባቢም የራሱን መንገድ ማግኘት ይችላል። በደቡብ አፍሪካ በምሥራቅ ኬፕ ግዛት በምትገኘው ማንኮሲ ነዋሪዎች ከዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሥራት «ዘንዘለኒ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. አስመዘገቡ። ትርጉሙ «ራሳችሁ ሥሩት» ማለት ነው። እነርሱ ኬብል አልቀበሩም። በሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩ አነስተኛ ጣቢያዎችን በነዋሪዎች ቤት ተከሉ፤ ኃይሉንም ከፀሐይ አገኙ። በዚያው የፀሐይ ኃይል የነዋሪውን ስልክ በክፍያ መሙላት ለማኅበሩ ገቢ ሆነ። ከመንግሥት የመገናኛ ተቆጣጣሪም አስፈላጊውን ፈቃድ ጠይቀው አግኝተዋል።

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለማኅበራት ማሳሰቢያ

ሀ/ ሕግ። በአገራችን በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ማኅበሩ ከአባላት ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባዋል።

ለ/ ዋናው መስመር። በመንደር ውስጥ የተዘረጋ መስመር ከዋናው መስመር ጋር ካልተገናኘ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ግንኙነቱ ከማን፣ በስንት ዋጋ እንደሚገዛ አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ።

ሐ/ የአባላት ገንዘብ። አክሲዮን የሚገዛው አባል ገንዘቡን ሊያጣ እንደሚችል በጠቅላላ ጉባኤ በግልጽ ይነገረው። በአንድ በሬ ዋጋ አክሲዮን የገዛ ገበሬ ሥራው መንገድ ላይ ቢቆም በሬውን ያጣል። በሌላም ማኅበር ላይ እምነት አይኖረውም።

መ/ እንክብካቤ። የተቀበረው መስመር ካርታ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ካርታ የሌለው መስመር በሚቀጥለው ወቅት በማረሻ ወይም በቦይ ቁፋሮ ይቆረጣል። ቢያንስ ሁለት ወጣቶች ጥገናውን ይሠልጥኑ፤ አንዱ አካባቢውን ቢለቅ ሌላው ይገኛል።

ማጠቃለያ

ከሉን ሸለቆም ከማንኮሲም የምንማረው አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ቦታ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ሰዎች ተስማምተዋል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ትልቁ ድርሻ ይኸው ነው። ስብሰባውን ሲጠራ ከመንገድ ዳር ያለውን ገበሬ ብቻ አይጥራ፤ ከወንዝ ማዶ፣ ከመጨረሻው ጎጥ ያለውንም ይጥራ። የመጨረሻው ቤት በዕቅዱ ውስጥ ከመጀመሪያው ካልገባ፣ በኋላ የሚያስገባው አይገኝም።