በቴሌቪዥን ድረ ገጽ ለማሳየት የሚረዱ አነስተኛ ወጪ ያላቸው አማራጮች

በደቡብ ጎንደር ዞን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በድረ ገጽ የወጣን መመሪያ ለሠራተኛው ወይም ለባለጉዳዩ በጋራ ለማሳየት የግድ ፕሮጀክተር መግዛት አይጠበቅባቸውም። ያላቸው ቴሌቪዥን ሊበቃ ይችላል።

ስክሪንን ለመንግሥት ሥራ ማዋል ለወረዳዎች እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት ወረዳዎችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በኢንተርኔትና በቪዲዮ ኮንፈረንስ ለማገናኘት የተዘረጋ ነበር።

ቀላሉ መንገድ ኮምፒዩተሩን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት ሲሆን፣ ተጨማሪ ወጪው የገመዱ ዋጋ ብቻ ነው። ይህ መሰኪያ የሌላቸው የቆዩ ቴሌቪዥኖች ምልክት ቀያሪ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ የምስል ጥራታቸው ዝቅተኛ በመሆኑም ፊደሉን ማጉላት ይገባል።

ኔትወርክ በማይገኝባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ገጹን አስቀድሞ በፎቶግራፍ መልክ በፍላሽ ዲስክ ቀድቶ መውሰድ ይቻላል። የዩኤስቢ መሰኪያ ያላቸው አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ያለ ኢንተርኔት ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ ገጹ የተቀዳበት ቀን በምስሉ ላይ ሊሰፍር ይገባል። መመሪያው ተሻሽሎ ከሆነ በአሮጌው የተመራ አርሶ አደር ያልተሟላ ማስረጃ ይዞ እስከ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ድረስ በከንቱ ይመላለሳል።