የአባት ዝምታ፣ የልጅ ጥያቄ

ባለፈው ሰሞን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ ወዳጃችንና ከልጃቸው ጋር ምሳ ቀርበን ነበር። ወዳጃችን ስድሳ አምስትን አልፈዋል። በዋሽንግተን ዲሲ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ልጃቸው እዚሁ ተወልዶ፣ ኮሌጅ ጨርሶ፣ ሥራ ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም። ጨዋታው መሐል ልጅ አለቃው ቢሮ ገብቶ ደመወዝ እንዲጨመርለት መጠየቁን ተናገረ። አባት ደነገጡ።

«ሥራህን አይተው ይጨምሩልሃል እንጂ፣ አንተ እንዴት አፍህን ሞልተህ ትጠይቃለህ?»

«አባዬ፣ አንተ ሃያ ዓመት ስትጠብቅ ማን አየህ?»

ሁላችንም ዝም አልን።

ይህ ክርክር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በየቤታችን ወላጅ ልጁን ደፋር፣ ልጅም ወላጁን ፈሪ ይላል። ለመሆኑ እውነቱ የማን ነው?

ብዙዎቻችን ነገሩን በባሕል እናሳብባለን። እርግጥ ነው፣ ደጅ ጥናት ያሳደገን ሰዎች ነን። ሹመትም ሆነ እንጀራ የሚገኘው ከጌታ ደጅ ቆሞ፣ እጅ ነስቶ፣ እስኪታዩ በመጠበቅ ነበር። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እየተባለ ያደገ ሰው አለቃውን ዓይን ዓይኑን እያየ «ይህ አይበቃኝም» ለማለት ይከብደዋል።

ነገር ግን ባሕል ብቻ ቢሆን ኖሮ የ1966 ዓ.ም. የካቲት ባልታየ ነበር። በዚያ ወር መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ አገሪቱን አንቀጥቅጧል። ዛሬ ዝምተኛ የምንለው ትውልድ ያን ጊዜ ይጮህ ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ግን እናውቀዋለን። በ1968 ዓ.ም. ደርግ ማኅበሩን አፈረሰ፤ በምትኩም ለራሱ የሚታዘዝ ሌላ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ በመጣው ቀይ ሽብር የተናገረም ያልተናገረም አለቀ።

ወዳጃችን ዝምታውን የሰበሩት በዚህ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ማለዳ ከፋብሪካው በር ተወስደው በዚያው ቀሩ። ልጅ አጎት እንደነበረው እንጂ እንዴት እንደሞተ ሰምቶ አያውቅም። እንግዲህ የአባት ዝምታ ፍርሃት ቢባልም፣ በከባድ ዋጋ የተገዛ ፍርሃት ነው።

ሆኖም ያ ዝምታ እዚህ አገር ገንዘብ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሕጉ ነፃ ካደረጋቸው በስተቀር ማንኛውም ተቀጣሪ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራበት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው ያዝዛል። ለምሳሌ በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ሰው 52 ሰዓት ከሠራ፣ 12ቱ ሰዓት በ30 ዶላር መታሰብ አለበት። በተራ ሂሳብ ከተከፈለው በሳምንት 120 ዶላር ቀርቶበታል ማለት ነው። የቀረውን ወደ ኋላ ሁለት ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ካደረገው ደግሞ ሦስት ዓመት ድረስ መጠየቅ ይቻላል። «ስንት ይከፈልሃል?» ብሎ የሥራ ባልደረባን መጠየቅም ነውር መስሎ ይታየናል እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ሕግ አብዛኛውን የግል ድርጅት ሠራተኛ በዚህ ምክንያት እንዳይባረር ይጠብቀዋል። በራሳቸው እንደሚሠሩ የሚቆጠሩ የታክሲ ነጂዎቻችን ግን በእነዚህ ሕጎች አይሸፈኑም።

ልጆቻችንስ ሁሉን አውቀዋል? አላወቁም። በዚህ አገር አብዛኛው ሠራተኛ ውል ስለሌለው ያለ ምክንያት ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ ቃልን መመዘን፣ ጊዜ መምረጥ፣ በአንድ ቅያሜ ሥራ ጥሎ አለመውጣት ከአባቶች የሚቀሰም ዕውቀት ነው። በበረዶ ቀን ሳይቀር ሰዓት አክብሮ የተገኘ፣ የታመመ ጓደኛውን ሺፍት የሸፈነ፣ በዚያ ደመወዝ ዕቁብ ጥሎ ልጅ ያስተማረ ሰው ስለ ሥራ የሚያስተምረው አያጣም።

በሳምንቱ ወዳጃችን የፔይ ስታባቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ልጅ አንድ በአንድ እያየ ይደምር ጀመር። ከ40 ሰዓት በላይ የተሠራባቸው፣ ነገር ግን በተራ ሂሳብ የተከፈሉ ሳምንታት ጥቂት አልነበሩም። አባት መነጽራቸውን አወለቁና «እንግዲህ እንዴት ብዬ ልንገረው?» አሉ። ልጅም ወንበሩን ወደ አባቱ ጠጋ አደረገ።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ፌስታላችሁን ፈትሹ። ስትፈትሹም ልጆቻችሁን ከጎናችሁ አስቀምጡ። እነሱ ሂሳቡን ይሥሩላችሁ፤ እናንተም ለምን ዝም እንዳላችሁ ንገሯቸው።

ቸር እንሰንብት።