ነዳጅ የሚቆጥበው ሞተሩ ነው ወይስ ሕጉ?

እንደሚታወቀው፣ በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን ዳር አስይዘው ሥራ ያቆሙበት የቅርብ ምክንያት የቤንዚን ዋጋ መናር ነበር። ዘውዱ የወደቀው በቤንዚን ብቻ ነው ማለት በታሪክ ላይ መቀለድ ይሆናል፤ የመሬቱ፣ የረሀቡና የደመወዙ ቅራኔ ለዓመታት ሲብላላ ኖሯል። ይሁን እንጂ ባሕር ማዶ የተወሰነ ውሳኔ ምን ያህል ፈጥኖ መርካቶ እንደሚደርስ ሰፊው ሕዝብ በዓይኑ ያየው በዚያን ጊዜ ነው። የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች በጥቅምት 1966 ኩዌት ላይ ተሰብስበው በጣሉት ማዕቀብና በተከተለው ጭማሪ፣ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ከ3 ዶላር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። የኢትዮጵያ መንግሥት ጭማሪውን ወደ ማደያው አወረደው፤ ማደያው ደግሞ ወደ ነጂው።

ያው ማዕበል አሜሪካንም መትቷል። በማደያዎች በር መኪኖች ለሰዓታት ተሰልፈዋል። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው አዲስ መኪና በአማካይ ከአንድ ሊትር ቤንዚን 6 ኪሎ ሜትር እንኳ ለማውጣት የሚቸገር ነበር። ይህም የመሐንዲስ እውቀት በማነሱ አልነበረም። ትልቅ ሞተርና ከባድ ብረት ለፋብሪካው የበለጠ ትርፍ ያስገኙ ስለነበርና ቤንዚኑ ርካሽ ስለነበር ብቻ ነው። ነዳጅ የሚገዛው ባለ መኪናው፣ ጭሱን የሚተነፍሰው መንገደኛው ነው፤ ፋብሪካው ግን ከሁለቱም ሒሳብ ውጭ ነው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ገበያው ብቻውን አስተካክሎት አያውቅም።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ለእያንዳንዱ አምራች፣ በዓመት የሚሸጣቸው የቤት መኪኖች ሁሉ በአማካይ ሊያሟሉት የሚገባ ልክ አስቀመጠ፦ እ.ኤ.አ. በ1978 ከአንድ ሊትር 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፣ በ1985 ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ከልኩ በታች የወረደ አምራች በእያንዳንዱ በሸጠው መኪና ልክ መቀጮ ይከፍላል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ አላዘዘም፤ ውጤቱን ወስኖ መንገዱን ለመሐንዲሱ ተወለት። ኩባንያዎቹ ሕዝቡ ትልልቅ መኪና ነው የሚፈልገው እያሉ ሲከራከሩ፣ መሐንዲሶቻቸው የመኪናውን ክብደት መቀነስና ሞተሩን ማሻሻል ያዙ። በአሥር ዓመት ውስጥ አዲሱ የቤት መኪና በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት ወደ እጥፍ ተጠጋ።

ይህ በሠራተኛ ኪስ ሲተረጎም ምን ማለት ነው? በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 2,500 ሊትር ይበላል፤ በሊትር 12 ቢሄድ 1,250 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ በየዓመቱ፣ መኪናው እስኪያረጅ ድረስ ይደጋገማል። አንዲት ዓረፍተ ነገር በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ስትገባ የነዳጅ ጉድጓድ የመቆፈር ያህል ታስገኛለች።

ነገር ግን ሕጉ ቀዳዳ ነበረው። ቀላል የጭነት መኪኖች ለገበሬና ለአናጢ መሥሪያ ናቸው ተብለው ዝቅ ባለ ልክ እንዲተዳደሩ ተፈቀደ። ኩባንያዎቹ ቀዳዳውን ለማየት ብዙ አልዘገዩም። የጭነት መኪና ቻሲ ላይ የቤተሰብ ወንበርና ምንጣፍ ያለው አካል ጫኑና ሰፊ የቤት መኪና አድርገው ሸጡት። በሕጉ ዘመን መባቻ ከአዲሶቹ መኪኖች አንድ አምስተኛ ያህሉ ብቻ የነበሩት በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ግማሽ ያህል ደረሱ። ከዚህም ሌላ፣ ጀኔራል ሞተርስና ፎርድ ልኩ እንዲላላላቸው አቤት ብለው ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ተላላላቸው። የሚያስገርመው፣ ይህንን የተቃወመው ሌላው ኩባንያ ክራይስለር ነው፤ ልኩን ለማሟላት ገንዘቡን አፍስሶ ነበርና። ሕግ ሲላላ የሚጎዳው ሕጉን ያከበረው ነው የሚለውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ የቤት መኪናው ልክ በሕግ ከፍ አላለም። ያን ዓመት በወጣ አዲስ ሕግ ተነሣ፤ በ2012 ይበልጥ ተጠናከረ፤ በ2020 ተላላ፤ በኋላም እንደገና ጠበቀ። በመጨረሻ በ2025 እ.ኤ.አ. ሕጉ ሳይሻር መቀጮው ብቻ ወደ ዜሮ ወረደ። ቅጣት የሌለው ትእዛዝ ምክር ነው፤ ምክር ደግሞ ፋብሪካ አያንቀሳቅስም። በዚያው ዓመት ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ይሰጥ የነበረው የግብር ቅናሽም ተቋረጠ።

ስለ ቁጥጥር ሲነሣ የቮልስዋገንን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደተጋለጠው፣ ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል የናፍጣ መኪኖቹ ላይ፣ መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን የሚለይ የኮምፒዩተር ትእዛዝ አስገብቶ ነበር። በምርመራ ክፍል ንጹሕ የነበረው ጭስ መንገድ ላይ ሲወጣ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይመርዝ ነበር። ይህን ያወጡት በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ መኪናውን ከክፍሉ አውጥተው አውራ ጎዳና ላይ ለኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ መንግሥት የራሱ መለኪያና የራሱ ባለሙያ ከሌለው የአምራቹን ወረቀት ተቀብሎ ከማኅተም ሌላ የሚጨምረው ነገር የለውም።

ወደ አገራችን ተጨባጭ ሁኔታ እንመለስ። ኢትዮጵያ መኪናን በብዛት ታስገባ የነበረው ሌላው ዓለም ተገልግሎበት ካረጀ በኋላ ነው። የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ሥራ ካቆመ ወዲህ ደግሞ የሚገባው ነዳጅ ሁሉ ተጣርቶ ያለቀና በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ነው። ግብሩ ለረጅም ዘመን በመኪናው ዋጋ ላይ ይሰላ ስለነበር፣ ርካሹ አሮጌ መኪና ቀላል፣ ውዱ አዲስ መኪና ከባድ ግብር ይሸከም ነበር። በሌላ አነጋገር መንግሥት ሳያስበው ለአሮጌው ሞተር ይደጉም ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ አየሩ ሳሳ በሚልበት ቦታ፣ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ከሚገባው በላይ ቤንዚን እያፈሰሰ በጥቁር ጭስ ያወጣዋል። የቀበሌ ነዋሪ ዳገት ላይ ቆሞ የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሚዛኑን ገለበጠው፤ ብዙ ያገለገለው መኪና ከባዱን ግብር እንዲሸከም አደረገ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲሆኑ፣ የጉምሩክ ቀረጣቸው ተገጣጥሞ ላለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ ሆነ፤ ተበታትኖ የሚገባው ምንም አይከፍልም። እዚህ ላይ የሥራ ዕድል ለአገር ውስጥ ገጣጣሚ እንዲሆን መታሰቡ መልካም ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታወቁ። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች።

የውሳኔው መሠረት ጠንካራ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበናል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከሚቀበለው አብዛኛውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። ነዳጁ በዶላር ይገዛል፤ የኤሌክትሪክ ኃይላችን ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከራሳችን ወንዞች ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ይህ ሲባል ግን ጥያቄው አልቋል ማለት አይደለም። ቀረጡ የቀለለለት ማን ነው? በአመዛኙ የቤት መኪና መግዛት የሚችለው ነው። ጠዋት በሜክሲኮ አደባባይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሠራተኛ የኤሌክትሪክ መኪና አይገዛም፤ የሚጠቀመው በአውቶቡስና በሚኒባስ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ ሲነሣ፣ የሕዝብ ማመላለሻዎች በተለየ ድጎማ እንዲጠበቁ መደረጉ የ1966ቱን የታክሲ ነጂ ትከሻ ማስታወስ ነው። ሆኖም ዘላቂው መፍትሔ ያ ሚኒባስ ራሱ ከነዳጅ የሚላቀቅበት ነው። ከቀረጥ የሚቀረው ገንዘብ መጀመሪያ ወደ አውቶቡሱና ወደ ሚኒባሱ ባለቤት ብድር ቢሄድ፣ በአንድ ብር ብዙ ሰው ይነሣበታል። በተጨማሪም ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት ያልገባለት መሆኑ፣ የመኪና ባትሪና የገጠር ኩራዝ በአንድ ሽቦ ላይ እንደሚሻሙ ያስታውሰናል።

ሌላው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. መባቻ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጭስ የሌለበት፣ የብዙኃን ማጓጓዣ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሁሉም የላቀው ምርጫ እርሱ ነበር። ነገር ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በዕድሜ ሳይሆን በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። የኤሌክትሪክ መኪናም ያለ ባትሪ ጠጋኝ፣ ያለ መለዋወጫ፣ ያለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከገባ ዕጣው ከዚህ አይለይም።

ጠጋኙ ደግሞ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ በዘይት እጁን ያጠቆረው መካኒክ ነው። ሞተርን በድምፁ የሚለይ፣ ካርቡራተር በዓይነ ኅሊናው የሚፈታ ሰው፣ በብዙ መቶ ቮልት የሚሠራ ባትሪ ፊት ሲቆም ሙያው ብቻውን አይጠብቀውም፤ ያልሠለጠነ እጅ ሊሞትበት ይችላል። የጎማ መከላከያ ጓንት፣ የተከለለ መሣሪያና የጥቂት ወራት ሥልጠና ያስፈልገዋል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህንን ትምህርት በማታ ክፍለ ጊዜ፣ ጋራዡን ሳይዘጋ ሊማረው በሚችል ክፍያ ቢያቀርቡለት፣ የቤንዚን መኪኖች መንገድ ላይ በሚቆዩባቸው በእነዚህ ዓመታት ሁለቱንም እየጠገነ መሸጋገር ይችላል።