«ማንሻ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው? ስለ ተንጠልጣይ የዕቃ ማንሻ ስያሜዎች

በፋብሪካ ውስጥ ከባድ ዕቃ አንሥቶ ከላይ በተዘረጋ ሐዲድ የሚያጓጉዘውን መሣሪያ የሚመለከት መመሪያ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው ዋናው ችግር የቃል እጥረት አይደለም፤ አንዱ ቃል ለብዙ ነገር መዋሉ ነው። «ማንሻ» ክሪክንም፣ ክሬንንም፣ እዚህ የምንነጋገርበትንም መሣሪያ ያጠቃልላል። በዚህ ጽሑፍ አስቀድመን ጽንሰ ሐሳቦቹን ለይተን፣ ቀጥሎ ስያሜ ለመጠቆም እንሞክራለን።

መሣሪያው ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከጣሪያ ወይም ከምሰሶ ጋር የተያያዘ፣ ቅርጹ ብዙውን ጊዜ የላቲኑን «አይ» ፊደል የሚመስል ተሸካሚ ብረት ነው። ሁለተኛው በዚህ ብረት የታችኛው ከንፈር ግራና ቀኝ በመንኰራኵሮቹ የሚሄድ ጋሪ ነው። ሦስተኛው ከጋሪው ሥር ሆኖ ጭነቱን በሰንሰለት ወይም በሽቦ ገመድ ሽቅብ የሚስብና ቁልቁል የሚያወርድ ክፍል ነው፤ በእጅ ወይም በሞተር ይሠራል፣ ጭነቱን ባለበት የሚይዝ ፍሬንም አለው።

ከቅርብ ዘመዶቹ የሚለየው በሚከተለው ነው። ክሪክ ከሥር ገፍቶ ያነሣል፤ ይህ ግን ከላይ ስቦ። ዊንች በዋነኛነት በአግድም ይጎትታል፤ ይህ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ብቻ ሊስብ ይገባዋል፣ በጎን መጎተት የተከለከለ ነው። ድልድይ ክሬን በሁለት ትይዩ ሐዲዶች ላይ ስለሚንቀሳቀስ አራት ማዕዘን ስፋት ያዳርሳል፤ ባለ ነጠላ ሐዲዱ ግን ሐዲዱ ቢጠመዘዝም፣ በመቀየሪያ ቢከፈልም፣ ከመስመሩ አይወጣም።

ፈረንሳይኛ ከላይ ስቦ የሚያነሣውን «ፓላን»፣ ከሥር የሚገፋውን «ክሪክ» ብሎ ይለያቸዋል። ወደ እኛ ጋራዦች የገባው ሁለተኛው ቃል ነው። «ነጠላ ሐዲድ» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ በጀርመን አገር በቩፐርታል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 የተከፈተው ሰው የሚያጓጉዝ ተንጠልጣይ ባቡርም ነጠላ ሐዲድ ነውና። «ሐዲድ» ከዐረብኛ የመጣ፣ በመነሻው «ብረት» ማለት የሆነ ቃል ነው። ምንም እንኳ የባቡሩ መንገድ ከእግር በታች ሆኖ ቢታሰበንም፣ ቃሉ ራሱ ከፍታን አይወስንም። ስለዚህ ከላይ ላለውም ቢውል ነውር የለበትም።

ከግስ የሚወጣው የመሣሪያ ስም በአማርኛ ቦታንም ያመለክታል፤ «ማንሻ» የሚነሣበትም፣ የሚነሣበት ሥፍራም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገላጭ ያስፈልገዋል። «ሰቃይ» የሚለው አማራጭ ቀርቦ ነበር ብንል፣ ጆሮ ስቃይንና ስቅላትን ስለሚያስታውስ አንቀበለውም። «አንጠልጣይ» ድርጊቱን ያሳያል እንጂ መሣሪያው ራሱ ከሐዲዱ መንጠልጠሉን አይገልጽም። ስለዚህ ለሦስተኛው ክፍል «ተንጠልጣይ ማንሻ»፣ ለጠቅላላው «ባለ ነጠላ ሐዲድ ተንጠልጣይ ማንሻ» እንዲባል እንጠቁማለን። ጋሪ፣ መንጠቆ፣ ሰንሰለት፣ ፍሬን፣ መቀየሪያና የጫፍ ማቆሚያ ባሉበት ይቆዩ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «አቅም» ነው። ሠራተኛው «አቅሙ ስንት ነው?» ሲል እስከ መጨረሻው የሚችለውን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ በመመሪያው ውስጥ ያለው ቍጥር ግን በሥራ ላይ የማይታለፈው ወሰን ነው። ለምሳሌ ደረጃው 80 የሆነ የቅይጥ ብረት ማንጠልጠያ ሰንሰለት የሥራ ወሰኑ 1,000 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ መበጠሻው ቢያንስ የዚያ 4 እጥፍ ነው። ማንሻው ራሱ ደግሞ ሲፈተሽ ከወሰኑ እስከ 125 በመቶ ሊጫንበት ይችላል። ተርጓሚው ሦስቱንም «ከፍተኛ ጭነት» ቢላቸው፣ ልዩነቱ የሚገለጠው ከጭነቱ ሥር በቆመ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ «የተፈቀደ ጭነት»፣ «የሙከራ ጭነት» እና «የመበጠሻ ጭነት» ተብለው ይለዩ። የሐዲዱ፣ የጋሪውና የማንሻው የተፈቀደ ጭነት የተለያየ ሲሆን የጠቅላላው ወሰን የደካማው ክፍል ስለሆነ፣ የማን እንደሆነም ሳይጠቀስ አይታለፍ።

ስያሜዎቹ የሚጸኑት በሥራ ሲፈተኑ ነው። በፋብሪካዎች የተለመዱ የተሻሉ ቃላት ያሏቸው አንባብያን ቢያካፍሉን፣ የጠቆምናቸውን ለማረም ዝግጁ ነን።