ጅማ የሚለውን ስም የተሸከሙ ሁሉ

በአዲስ አበባ የቡና ላኪዎች ዘንድ «ጅማ 5» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ከተማ እየጠየቀ አይደለም፤ በፀሐይ የደረቀ፣ ደረጃው አምስት የሆነ ቡና ይፈልጋል። የኳስ አፍቃሪው «ጅማ» ሲል ክለብ ማለቱ ነው። ወለጋ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠሩ ወረዳዎች አሉ። ሐኪሙ ዩኒቨርሲቲውን፣ የቡና ባለሙያው መልኮ ያለውን የምርምር ማዕከል ያስባል። ይህ ዳሰሳ እነዚህን ሁሉ በየተራ ይቃኛል። ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ግን ለቡናው ነው፤ ስሙ ጆንያ ላይ ሲጻፍ የገበሬውን ኪስ ይነካልና።

ከከተማዋ የቀደመ ስም

ጅማ የሚለው መጠሪያ ከከተማዋ በዕድሜ ይበልጣል። በማጫ ኦሮሞ ምድር በሰፊው የተሠራጨ ስም ነው። ዛሬም ጅማ ገነቲና ጅማ ራሬ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ፣ ጅማ አርጆ በምሥራቅ ወለጋ፣ ጅማ ሆሮ በቄለም ወለጋ ይገኛሉ። ሁሉም መለያ የሚሆን ተጨማሪ ስም እንዳላቸው ልብ ይሏል። የደቡብ ምዕራቡ ጅማም ቢሆን ቀድሞ ጅማ ካካ፣ በኋላም በነገሥታቱ ስም ጅማ አባ ጅፋር ሲባል ኖሯል። በሰሜን ሸዋ አልፎ ዓባይን የሚቀላቀለው የጀማ ወንዝ ግን በድምፅ ቢቀራረብም ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም።

በአስተዳደር ረገድም ሁለት ጅማ አለ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጅማ ከተማ የራሷ አስተዳደር አላት። ዙሪያዋን የከበቧት የቡና ወረዳዎች ደግሞ በጅማ ዞን ሥር ናቸው፤ የዞኑ መቀመጫም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው።

አባ ጅፋርና ሂርማታ

በ19ኛው መቶ ዘመን በጊቤ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። መጀመሪያ ኃያሉ በአባ ባጊቦ ዘመን የሰቃን ገበያ የያዘው ሊሙ እናርያ ነበር። በኋላ ግን የንግዱ መስመርም ኃይሉም ወደ ጅማ ዞረ። መንግሥቱን ያቆሙት ከ1830 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። በ1878 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ ለዳግማዊ ምኒልክ በመገበር ከጦርነት ጥፋት አዳኑት። በዚህም የጅማ የውስጥ ነፃነት እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ ዘለቀ። «አባ ጅፋር» ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ የንጉሡን የልደት ስም የሚያውቅ ጥቂት ሲሆን የፈረሱን ስም ግን አገር ያውቀዋል።

ቤተ መንግሥታቸው ከከተማዋ በላይ ባለው የጅሬን ኮረብታ ላይ ዛሬም ቆሟል። ከግርጌው የነበረው የሐሙስ ገበያ ሂርማታ ይባል ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥበት ነበር፤ ሰውም በባርነት ይሸጥበት እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የዛሬዋ ጅማ ያደገችው በዚሁ ገበያ ላይ ነው፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የገቡት ጣሊያኖችም ከተማቸውን እዚያው ሠሩ። ስለዚህ የመንግሥቱ ስም ወደ ገበያው ወረደ፤ የገበያው ስም ሂርማታ ደግሞ በቀበሌ ስምነት ቀረ።

ቡናው፦ አንድ ስም፣ ብዙ መንደር

የጅማ ቡና በብዛት ያልታጠበ ነው። ገበሬው እሸቱን ለቅሞ እንዳለ ያሰጣዋል፤ ሲደርቅ ጀንፈል ይሆናል። ጀንፈሉ በሰብሳቢና በአቅራቢ እጅ አልፎ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ናሙናው ጉድለቱ ተቆጥሮ፣ ተቆልቶና ተቀምሶ ደረጃ ይሰጠዋል። «ጅማ 5» በዚህ መንገድ የሚወጣ፣ በዓለም ገበያ ለቅልቅል የሚፈለግና በብዛት የሚሸጥ ቡና ነው።

ችግሩ ያለው ስሙ በሚሸፍነው ስፋት ላይ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ አመዳደብ «ጅማ» የሚባለው ያልታጠበ ቡና የጅማ ዞን ብቻ አይደለም፤ የኢሉባቦርና የቡኖ በደሌም ይገባበታል። በተቃራኒው የጎማ፣ የማናና የጌራ ወረዳዎች ገበሬ ቡናውን አሳጥቦ ሲያቀርብ «ሊሙ» ይባልለታል። አንድ ገበሬ ከአንድ ማሳ የለቀመው ቡና እንደ አዘገጃጀቱ ሁለት የተለያዩ የቦታ ስሞች ያገኛል ማለት ነው። በሁለቱም ውስጥ ግን የራሱ ቀበሌ የለም።

ከፋም የዚህ ታሪክ አካል ነው። በንጉሡና በደርግ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። ዛሬ የከፋ ዞን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ሆኖ መቀመጫው ቦንጋ ነው። የቡና መገኛ ማን ነው የሚለው ክርክር የሚነሳውም በዚህ መካከል ነው፤ ጎማ ውስጥ ጮጬ፣ ከፋ ውስጥ ማንኪራ የየራሳቸውን ማስረጃ ያቀርባሉ።

መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሳ የመረጣቸው ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ ነበሩ። በዚሁ ሳቢያ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ጋር የተፈጠረው ውዝግብ በ2007 እ.ኤ.አ. በስምምነት ሲቋጭ የእነዚህ ስም ይበልጥ ገነነ። ጅማ ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። በመጠን ከፊት የሚሰለፍ ቡና በስም ከኋላ ቀረ።

ይህን የቀየረው በጅማ ዞን የምትገኘው የአጋሮ ከተማ አካባቢ ገበሬ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎማና በአካባቢው የቡና ማጠቢያ ያቋቋሙ ማኅበራት ብቅ አሉ። ከእነዚህ አንዱ ዱሮሚና በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉና አፈሩ ያው ነበር። የተለወጠው ቀዩን እሸት ብቻ ለቅሞ በዚያው ቀን መፈልፈሉ፣ በንጹሕ ውኃ ማጠቡና በአልጋ ላይ በጥንቃቄ ማድረቁ ነው። ከዚያ ወዲህ የውጭ ገዢዎች አጋሮን በስሟ ይጠይቋት ጀመር። የ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅም አምራቹ መገኛውን ይዞ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚሸጥበትን በር ይበልጥ ከፈተ።

በቁጥር የተሸሸገው ጅማ

ጅማ ለኢትዮጵያ ቡና ያበረከተችው ትልቁ ውለታ ግን ስሟ የማይታይበት ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1967 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገሪቱ ውስጥ ሲታይ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ መርገፍ ጀመረ። ተመራማሪዎቹ በየጫካውና በየማሳው ዞረው በሽታ ያልነካቸውን ዛፎች ፈለጉ። በ1974 እ.ኤ.አ. መቱ አቅራቢያ ከምትገኘው ቢሻሪ የተመረጡት ዛፎች 74110፣ 74112፣ 74148፣ 74158፣ 74165 የሚሉ ቁጥሮች ተሰጧቸው፤ መነሻው 74 ዓመቱን ያመለክታል። ከተፈተኑ በኋላም በ1979 እ.ኤ.አ. ለገበሬው ተለቀቁ።

ዛሬ ከጉጂ ወይም ከሲዳማ የሄደ ውድ ቡና ቶኪዮ ወይም ኦስሎ ውስጥ ሲሸጥ ከረጢቱ ላይ 74110 ወይም 74158 ተጽፎ ይታያል። ዘሩ የኢሉባቦር፣ መራጩ ጅማ፣ ዝናው ግን የበቀለበት ቦታ ነው። እነዚህን ቁጥሮች የሚያውቅ የውጭ ቡና ቆይ ብዙ ነው፤ መልኮን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ጠጪ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሊቆጨን ይገባል።

ትምህርት፣ ኳስና በርጩማ

በ1952 እ.ኤ.አ. ጅማ ላይ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎች ማረፊያም ነበር። ይህ የእርሻ ኮሌጅና በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው የሚታወቀው ተማሪዎቹን ገና በትምህርት ላይ ሳሉ ወደ ኅብረተሰቡ በማውጣቱ ነው።

የእግር ኳስ ክለቡ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ፤ በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግም ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተፋለመ። ከእርሱ ቀደም ብሎ ሊጉ ውስጥ የታየው ሌላው የከተማዋ ክለብ ጅማ አባ ቡና ይባላል። አንዱ ንጉሡን፣ ሌላው ቡናውን ለስሙ መርጧል። የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ሥራ ሲሆን በከተማዋ ስም አገር ምድሩን ዞሯል።

ስሙን በአግባቡ መያዝ

ክለቡም ዩኒቨርሲቲውም በርጩማውም ስሙን ሲወስዱ ለከተማዋ ክብር ጨምረዋል፤ የማን እንደሆኑ ይታወቃልና። ወለጋ ያሉት ወረዳዎችም መለያ ስለጨመሩ አይምታቱም። ቡናው ላይ ግን ብዙ መንደር በአንድ ስም ተጠቅልሎ ጎበዙም ሰነፉም በእኩል ዋጋ ሲሸጥ ቆይቷል። መፍትሔው ጅማን መተው አይደለም። ወረዳዎቹ «ጅማ» ከሚለው ቀጥሎ ገነቲ፣ ራሬ ወይም አርጆ እንደሚሉት ሁሉ ቡናውም ጅማ ጎማ፣ ጅማ ጌራ፣ ጅማ ማና ብሎ መገኛውን ይዞ ይውጣ። የጥንቶቹ የጊቤ መንግሥታት ስሞች ዛሬም በወረዳነት አሉ፤ ገበሬውም ጥራት ማምጣት እንደሚችል በዱሮሚና አስመስክሯል። የቀረው ላኪው፣ ማኅበሩና ተቆጣጣሪው አካል የገበሬውን ቀበሌ እስከ ገዢው ጠረጴዛ ድረስ ማድረሳቸው ነው።