መርከቧ እስክትነሣ ድረስ፦ በኮዙሜል ደሴት ለቤተሰብ የሚሆን የባሕር ዳር ክበብ አመራረጥ

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዓመቱን ሙሉ ሠርተው ያገኙትን የዕረፍት ሳምንት በመዝናኛ መርከብ ማሳለፍ ከጀመሩ ሰንበትበት ብሏል። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ወይም ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የሚሄዱ እናቶችም አብረው የሚሳፈሩበት ጊዜ አለ። ከማያሚ ወይም በቴክሳስ ከሚገኘው ከጋልቨስተን ወደብ የሚነሡት መርከቦች አዘውትረው ከሚቆሙባቸው ሥፍራዎች አንዷ በካሪቢያን ባሕር ላይ ያለችው የሜክሲኮ ደሴት ኮዙሜል ናት።

መርከቧ ጧት ወደብ ይዛ ማታ የምትነሣ ከሆነ ቤተሰቡ ያለው ጊዜ ስምንት ሰዓት ያህል ነው። ከዚህ ላይ የመውረጃው ሰልፍ፣ የታክሲው መንገድና መመለሻው ሲቀነስ ለባሕሩ የሚተርፈው አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ይህን አምስት ሰዓት የት ማሳለፍ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የቅንጦት ጥያቄ ይመስላል። ዋና የማይችሉ ሁለት ሕፃናት በግራና በቀኝ ለያዘች እናት ግን በመጀመሪያ የደኅንነት፣ ቀጥሎም የገንዘብና የዕረፍት ጉዳይ ነው።

ደሴቲቱ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 16 ኪሎ ሜትር ያህል ወርድ አላት። ከተማዋ ሳን ሚጌል የምትገኘው ፊቱን ወደ ዋናው የሜክሲኮ ምድር ባዞረው በምዕራቡ ዳርቻ ሲሆን፣ መርከቦቹም የሚቆሙት በዚሁ በኩል ነው። የምዕራቡ ባሕር ከነፋስ የተከለለ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ምሥራቁ ለሰፊው ባሕር የተጋለጠ፣ ሞገዱ የበረታና ሰውን ወደ ውስጥ የሚስብ የውሃ ኃይል ያለበት ነው። ለዓይን የሚያምረው ታዲያ ይኸው ምሥራቁ ነው፤ ሰው አይበዛበትም፣ ነፋሱም ደስ ይላል። መኪና ተከራይቶ ደሴቲቱን የሚዞር ቤተሰብ በዚያ ወርዶ ፎቶግራፍ ቢነሣ መልካም ነው፤ ልጅ ግን አይዋኝበት። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በካሪቢያን የበዛው ሳርጋሶ የተባለ ቡናማ የባሕር አረምም በብዛት የሚከመረው በዚሁ በምሥራቁ በኩል ነው።

በምዕራቡም ቢሆን ሁሉም ሥፍራ አንድ አይደለም። በከተማዋ አቅራቢያ ያለው ዳርቻ በአብዛኛው እግር የሚቆርጥ የኖራ ድንጋይ ነው። በእንዲህ ያለው ቦታ ወደ ባሕር የሚገባው በመሰላል ነው፤ ከመሰላሉ ሲወረድም ውሃው ወዲያው ይጠልቃል። መነጽርና መተንፈሻ ቧንቧ አድርጎ ዓሣ ለማየት ለሚፈልግ ዋናተኛ ይህ እጅግ የተመቸ ነው። ለአራት ዓመት ሕፃን ግን ከዚህ የከፋ የለም። አሸዋማና ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ውሃ የሚገኘው በአብዛኛው ከከተማዋ ወደ ደቡብ፣ በታክሲ ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ሲኬድ ነው።

እዚህ ላይ ክበብ ስንል ለአንድ ቀን ተከፍሎ የሚገባበትን የባሕር ዳር መዝናኛ ማለታችን ነው። በሜክሲኮ ሕግ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተደረገው የሕግ ማሻሻያም መንገድ ዘግቶ ሕዝብን ከዳርቻው የሚከለክል ባለንብረት በገንዘብ እንዲቀጣ ያዛል። ባሕሩ የማይሸጥ ከሆነ ክበቡ የሚሸጠው ምንድን ነው? ጥላ፣ መጋደሚያ ወንበር፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የጣፈጠ ውሃ መታጠቢያ፣ መዋኛ ገንዳ፣ ምግብና መጠጥ ነው። እናት ከእነዚህ ውስጥ ለቤተሰቧ የሚያስፈልገውን ለይታ ካወቀች ግማሹን ምርጫ ጨርሳለች።

ክፍያው የተለያየ ነው። አንዳንዱ ክበብ መግቢያ ሳያስከፍል የተበላውንና የተጠጣውን ብቻ ይቀበላል። ሌላው መግቢያ ያስከፍልና ምግቡን ለብቻ ይቆጥራል፤ ወይም ቢያንስ ይህን ያህል ገንዘብ ብሉ ጠጡ ይላል። ሦስተኛው ሁሉን ያጠቃለለ የሚባለው ነው፤ አንድ ጊዜ ከተከፈለ እስኪወጣ ድረስ መብላት መጠጣት ነው። ይህ ለጆሮ የሚጥም ነገር ነው። ነገር ግን ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው አልኮሉ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እናት አትጠጣ፣ አያት አይጠጡ፣ አባት አንድ ቢራ ጠጥቶ ቢያበቃ ቤተሰቡ የከፈለው ለጎረቤት ጠረጴዛ ሞቅታ ነው። በሌላ ወገን ሦስት ጎረምሳ ልጆች ላሏት እናት ሁሉን ያጠቃለለው ያዋጣ ይሆናል፤ ከባሕር የወጣ ጎረምሳ ምን ያህል እንደሚበላ የምታውቀው እርሷ ናት። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለወጥ የልጆች ክፍያ ከስንት ዓመት እንደሚጀምር፣ ፎጣና ቁልፍ ያለው ሣጥን በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ከመሄድ በፊት ጠይቆ መጻፍ ይበጃል።

ከዋጋው በላይ ግን ውሃው ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ዋና የሞከርነው በሶደሬ ገንዳ ወይም በላንጋኖ ዳር ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ሰው ጥልቀቱን በእግሩ እየለካ ይገባል እንጂ ዓይኑን አያምንም። የካሪቢያን ውሃ ግን እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ የጠራ ውሃ ደግሞ ወለሉን ወደ ላይ አቅርቦ ያሳያል። ወገብ ድረስ የሚመስለው ደረት ይደርሳል፤ ለልጅ ደረት የሚመስለው ራስ ያልፋል። ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ዐዋቂ ሰው ገብቶ እስከ የት እንደሚቆም ሳይመረምር ልጅ ወደ ውሃ አይለቀቅ።

መስጠም ድምፅ የለውም። የሚሰምጥ ሕፃን በፊልም እንደሚታየው አይጮኽም፣ እጁንም አያወናጭፍም። አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የሚለው ለትንፋሽ ያህል ብቻ በመሆኑ ለመጣራት ፋታ አያገኝም፤ ነገሩም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊያበቃ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በዓመት 300,000 ያህል ሰዎች በውሃ ሰምጠው ይሞታሉ። ከእነዚህም ወደ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ክበቡ ነፍስ አድን ዋናተኛ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በሁሉም ዘንድ አይገኝምና። ቢኖርም እንኳ አንድ ሰው መቶ ልጅ አይጠብቅም። በአየር የሚነፋው የክንድ ቀለበት መጫወቻ ነው እንጂ ሕይወት አያድንም። በልጁ ክብደት ልክ የተሠራ፣ በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ የጸደቀ መሆኑ የተጻፈበት ተንሳፋፊ ሰደርያ ከቤት ይዞ መሄድ የተሻለ ነው፤ ክበቦቹ የሚያከራዩት ብዙውን ጊዜ ለዐዋቂ የተሰፋ ነው።

የጥበቃው ተራም አስቀድሞ ይከፈል። አባት ሃያ ደቂቃ፣ እናት ሃያ ደቂቃ፣ ጎልማሳ ልጅ ካለም ሃያ ደቂቃ፤ ባለተራው ስልኩን አይነካም፣ ቢራም አይዝም። ይህ ካልተደረገ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሁሉም እናት አለች ብሎ ይጋደማል፤ እናት በምድር ላይ ከምትሠራው ሥራ አንዱም ሳይቀነስላት በባሕር ዳር ቆማ ትውላለች። ዕረፍት የወጣነው ለማን ነው ቢባል መልሱ የሚያሳፍር ነው።

ከሥፍራዎቹ ስም የሚታወቁትን ለመጥቀስ ያህል፣ ናቺ ኮኮም የተባለው ክበብ በቀን የሚያስገባውን ሰው ቁጥር ስለሚወስን አስቀድሞ መመዝገብ ያሻል። ጫጫታ ለማይወዱ አረጋውያንና ለታዳጊ ሕፃናት የተሻለው ይህ ዓይነቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሚስተር ሳንቾስ ሁሉን ያጠቃለለ ክፍያ ያለው ትልቅና ሞቅ ያለ ነው። ፓራዳይዝ ቢች ሰፊ ገንዳ አለው፤ በባሕሩ ላይ የሚንሳፈፉት የአየር መጫወቻዎቹም ዋና የሚችሉ ልጆችን ያስፈነድቃሉ። ቻንካናብ የሕዝብ ፓርክ ነው፤ የአትክልት ሥፍራና ዓሣ መመልከቻ አለው፣ ዳርቻው ግን ድንጋያማ የሆነበት ቦታ ይበዛል። ድዙል ሃ ደግሞ ለዋናተኛ እንጂ ለሕፃን አይሆንም።

የቀኑን ሁኔታ የሚወስነው አንድ ሌላ ነገር በወደቡ ያሉት መርከቦች ብዛት ነው። ኮዙሜል እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ የመርከብ መንገደኞች ገብተውባታል። አንዷ መርከብ ሦስት፣ አራት ሺህ ሰው ትጭናለች፤ በአንድ ቀን አምስት ስድስት መርከብ ከቆመ ጥላና ወንበር ማግኘት ትግል ይሆናል። የመርከቦቹ የመድረሻ መርሐ ግብር አስቀድሞ ስለሚወጣ ከወራት በፊት ማየት ይቻላል። ብዙ መርከብ ባለበት ቀን የሰው ቁጥር የሚወስነውን ክበብ መያዝ፣ አንድ ሁለት ብቻ ባሉበት ቀን ግን ገንዘብ መቆጠቡ ያዋጣል።

ምግቡን በተመለከተ ጾም ለያዙ እናቶች ሜክሲኮ አታስቸግርም። የበቆሎ ቂጣው፣ ሩዙ፣ አቮካዶው፣ ባቄላው፣ ሎሚና ቃሪያው ሁሉ አለ። ጥንቃቄ የሚያሻው ተፈጭቶ የሚቀርበው ባቄላ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይጠበሳል። ስቡን «ማንቴካ» ይሉታል። አስተናጋጁን «ሲን ማንቴካ» ማለት፣ ያለ ስብ ማለት ነው፣ ይበቃል።

ልብሳቸውን አውልቀው ባሕር ለመግባት የማይፈልጉ አያት ይኖራሉ። እኚህን እናት በወንበር ላይ አስቀምጦ ዕቃ ጠባቂ ማድረግ ነውር ነው። በደሴቲቱ መኻል ሳን ኸርቫሲዮ የሚባል የጥንት የማያ ሕዝብ ፍርስራሽ አለ። ስፔናዊው ኮርቴስ እ.ኤ.አ. በ1519 ከመምጣቱ በፊት የማያ ሴቶች በታንኳ ባሕር ተሻግረው ወደ ኮዙሜል ይመጡ ነበር፤ ኢሽቼል የተባለችውን የወሊድና የጨረቃ አምላክ ልጅ ስጪን፣ በሰላም አገላግይን ብለው ሊለምኑ ነው። ልጅ ለማረስ አገር አቋርጠው የመጡ እናት ይህን ታሪክ ከባሕሩ ይልቅ ሊወዱት ይችላሉ። ለሁለት መከፈል ለቻለ ቤተሰብ ግማሽ ቀን ለዚያ መስጠት አይከብድም።

ፀሐዩ በደመና ቀንም ይለበልባል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚሉት ወሬ ነው። የደሴቲቱ የኮራል ዐለት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ ኮራሉ በበሽታ በመጎዳቱም በ2019 ፓላንካርን የመሳሰሉ ታዋቂ ሥፍራዎች ለጊዜው ለጎብኚ ተዘግተው ነበር። በተራ ቅባት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች ኮራሉን ስለሚጎዱ ፓርኮቹ እንዳይቀቡ ይጠይቃሉ። እጅጌው ረጅም የመዋኛ ሸሚዝና ባርኔጣ ለልጁም ለኮራሉም ይበጃሉ፤ ለኪስም እንዲሁ።

ስለሚያስተናግዱት ሠራተኞችም አንድ ቃል። የደሴቲቱ ሕዝብ ኑሮው በእነዚህ መርከቦች ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ዊልማ የተባለው ዐውሎ ነፋስ መትከያዎቹን አፈራርሶባቸዋል፤ ከመጋቢት 2020 ጀምሮም በኮሮና ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ መርከብ አልመጣላቸውም። ሳሕን የሚያነሡት፣ መጸዳጃ ቤት የሚያጸዱት፣ በጥላ ሥር ጠጉር የሚሠሩት ሴቶች አብዛኛዎቹ የልጆች እናቶች ናቸው። ሁሉን ያጠቃለለ ክፍያ ጉርሻን አያጠቃልልም፤ ዝርዝር ዶላር ይዞ መሄድ ተገቢ ነው።

የመጨረሻው የሰዓት ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ኮዙሜል ያለችበት ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ይጠቀማል፤ አሜሪካኖች እንደሚያደርጉት በበጋቸው ሰዓቱን ወደ ፊት አይገፋም። ስለዚህ በአሜሪካ በጋ ከማያሚ የተነሣች መርከብ የፍሎሪዳን ሰዓት እንደያዘች ከቆየች ከደሴቲቱ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በእኛ አቆጣጠር በመርከቧ 11 ሰዓት ሲሆን በእጅ ያለው ስልክ የደሴቲቱን ሰዓት ይዞ 10 ይላል። ስልኩን ያመነ ቤተሰብ ገና አንድ ሰዓት አለኝ ብሎ ሲታጠብ መርከቧ ገመዷን ትፈታለች። መርከቧ ራሷ ባዘጋጀችው ጉዞ የሄዱትን መጠበቅ ልማዷ ነው፤ በራሳቸው ታክሲ የሄዱትን ግን የመጠበቅ ግዴታ የለባትም።

እንግዲህ ከመውረድ በፊት በመርከቧ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ፣ ስልክ ሳይሆን የእጅ ሰዓት በእርሱ ማስተካከል ነው። የታክሲው ዋጋ በወደቡ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ አንብቦ መሳፈር፣ ሾፌሩንም ዋጋውን አስቀድሞ ማስነገር ይገባል። መሳፈሪያው ከሚዘጋበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ሲቀረው ልጆቹ ከውሃ ይውጡ። እርጥቡ ልብስ የሚከተትበት የላስቲክ ከረጢት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደረቅ ቀሚስ ወይም ሱሪና ነጠላ ጫማ ከላይ ይቀመጥ፤ የመርከቧ መግቢያ ካርዶች ደግሞ ሁሉም በአንድ ሰው ኪስ።